ጌሙ አለን፤ ቀኑ ነው የሌለን

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ብቻዬን ነበርኩ። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ማኅበር ሄዳለች። የፈተና ወረቀት አርሜ ጨርሻለሁ። መብራት አለ። ኔትወርክም አለ። እነዚህ አራት ነገሮች በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገጣጠሙ እናንተው ገምቱ።

ላፕቶፔን ከፈትኩና ስቲም ላይ ገባሁ። ለማታውቁት፣ ስቲም ማለት ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ ነው። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የሚባለው ጌም አለኝ። የእኔ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ስቲም ደግሞ ክፉ ልማድ አለበት፤ ስንት ሰዓት እንደተጫወታችሁ ቆጥሮ ይጽፍባችኋል። የእኔ 34 ሰዓት ይላል። በሦስት ዓመት 34 ሰዓት! ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ከኮምፒውተሩ ጋር ለብቻዬ የተጫወትኩት ነው። ጌሙን የያዝነው ግን አራት ጓደኛሞች አብረን ልንጫወት ነበር። አራታችንም የተገኘንበትን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ። አምስት። አንድ እጅ በቂዬ ነበር።

ቀጥዬ የቴሌግራም ግሩፓችንን ከፈትኩና መፈለጊያው ላይ «ነገ» ብዬ ጻፍኩ። 61 ጊዜ መጣ። «ነገ ማታ እንግባ»፣ «ዛሬ አልተመቸኝም፣ ነገ»፣ «ነገ በእግዚአብሔር ፈቃድ እርግጠኛ ነኝ»። ከ61ዱ 19ኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይሄንን ጽሑፍ የምጽፈው በእነዚህ ቁጥሮች ተናድጄ ነው። መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ ነው። ቀጥሎ ደግሞ በእናንተ ነው፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ረዘም ይላል፣ ሻይ ያዙ።

መጀመሪያ ጌሙን ላስተዋውቃችሁ። ስታስጀምሩት አንዲት የከተማ ማዕከል፣ ሦስት ሠራተኞችና አንድ ቃፊር ይሰጣችኋል። በቃ። ከዚያ እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ምግብ ትሰበስባላችሁ፣ ወርቅና ድንጋይ ታወጣላችሁ። ከዘመን ወደ ዘመን ትሸጋገራላችሁ፣ ግንብ ትሠራላችሁ፣ ሠራዊት ታቆማላችሁ። እስከ ስምንት ሰው ሆኖ ይጫወቱታል። ተራ መጠበቅ የለም፤ አንተ ስታስብ ጠላትህም እያሰበ፣ እየገነባ ነው። አንዱ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ በቡድን ሲሆን ደግሞ ከሰዓትም ሊያልፍ ይችላል። መሀል ላይ «መጣሁ ቆይ» ብለህ ጥለኸው ብትሄድ አጋርህ ለብቻው ይደበደባል። ስለዚህ ሰዓት ይፈልጋል፤ የአንተን ብቻ ሳይሆን የሁላችሁንም አንድ ሰዓት።

እኛ ይሄንን ጌም ያወቅነው የሃይስኩል ተማሪ ሳለን ነው። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እኛ ሰፈር የደረሰው ዘግይቶ፣ ማን እንደቀዳው በማይታወቅ ሲዲ ነበር። አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በገመድ የተያያዙ አራት ኮምፒውተሮች ነበሩ። ከምሳችን ሳንቲም ቆጥበን በሰዓት እንከፍላለን። ያኔ ኢትዮጵያ ጌሙ ውስጥ የለችም። ሳራሴን ይዘን፣ ቢዛንታይን ይዘን፣ ጎት ይዘን ነበር የምንዋጋው። «ለምን ሐበሻ የለበትም?» ብለን ተቆጥተን እናውቃለን፤ ለማን እንደምንቆጣ ግን አናውቅም ነበር።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ገባች። «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» በሚባለው ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ከማሊና ከበርበሮች ጋር መጣች። ቀስተኞቻችን ከሌላው ፈጥነው ይተኩሳሉ። ሾተል የያዙ ወታደሮች አሉን። የዮዲት ጉዲት ታሪክም ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ተሠርቷል። ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ዘመቻው ላይ የማርመው ብዙ ነገር አለኝ፣ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው። ከሁሉም የገረመኝ ግን ሠራተኛውን ስትነካው በአማርኛ መመለሱ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ብቻዬን ሳቅሁ። የምስቅበት ሰው ዞር ብዬ ብፈልግ ግን የለም።

ምክንያቱም ኢትዮጵያ ጌሙ ውስጥ ስትገባ እኛ ተበትነን ነበር። አንዱ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። አንዱ ሪያድ ነው። አንዱ አዳማ ነው። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ጠመኔዬን ይዤ። ከሦስት ዓመት በፊት የዲሲው ጓደኛችን «አዲሱን ቅጂ ለሁላችንም እኔ እከፍላለሁ፣ እንደ ድሮው እንጫወት» አለ። ከፈለም። ያን ቀን ግሩፑ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት! ጌሙ በአስር ጊጋዎች የሚቆጠር ነው፤ ለማውረድ አንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ አይ ነበር። እንደ ሕፃን ልጅ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነግሬያችኋለሁ። 61 «ነገ»።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ስለ ጌም ባወራሁ ቁጥር የማገኛቸው ሦስት ወቀሳዎች አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው፦ «አንተ ትልቅ ሰው፣ ያውም አስተማሪ ሆነህ ጌም?»

ይሄንን ያለኝ በዕድሜ ታላቄ የሆነ፣ ጋሼ የምለው የሥራ ባልደረባዬ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? አሁን ግን መልሴን ልስጥ።

ጋሼ፣ የስልት ጨዋታ የልጅ ነገር ነው ያለው ማነው? አያቶቻችን ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። የጥንቱ የእኛ ሰንጠረዥ ደግሞ ዛሬ ከምናውቀው ቼዝ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፤ «ወረራ» ይባላል። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ሰድደው የየራሳቸውን ጦር እንደፈለጉ ያሰልፋሉ። አንደኛው የሌላውን ጠጠር መጀመሪያ እስኪበላ ድረስ እንዲያ ይቀጥላል። ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ዛሬ «ሪል ታይም» እያልን እንደ አዲስ የምናወራውን ነገር አያቶቻችን በጠጠር ሲጫወቱት ኖረዋል። የሚጫወቱት ደግሞ ሥራ ፈቶች አልነበሩም፤ መኳንንት፣ መሳፍንት፣ ጦር የሚመሩ ሰዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ የውጭ ሰዎች ጽፈውታል። ተመልካቹ ዝም ብሎ አያይም ነበር፤ ከበው ተቀምጠው «ይሄንን አንቀሳቅስ፣ ያንን ተው» እያሉ ይንጫጫሉ። ጨዋታው የሁለት ሰው ቢሆንም ሰዓቱ የቤቱ ሰው ሁሉ ነበር።

ገበጣውንም እንዳትረሱት። መሬት ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሰላ ሒሳብ ነው። ገበጣ የሚጫወት ሽማግሌ አይታችሁ «ምነው ልጅ ሆኑ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ስለዚህ ያስቀየማችሁ ጨዋታው አይደለም፣ ስክሪኑ ነው። ስክሪን ከሆነ ደግሞ ጋሼ ራሱ በዕረፍት ሰዓት አንገቱን ደፍቶ አጫጭር ቪዲዮ ሲገፋ አየዋለሁ። አንዱን አይቶ ሳይጨርስ ሌላውን። አብሮት የሚስቅ የለም። ሲጨርስም ያየውን አያስታውሰውም። እኔ ሳቅኩበት? አልሳቅኩም። ደውሉ ሲደወል ቀስቅሼዋለሁ እንጂ።

ሁለተኛው፦ «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና፣ ኑሮ እንዲህ ከብዶ ጌም ያምርሃል?»

ይሄኛው ከበድ ይላል፣ ዝም ብዬ አላልፈውም። ኑሮውን ለእኔ አትንገሩኝ። በዲፕሎማ የሚያስተምር ሰው ደመወዝ ስንት ቀን እንደሚያደርስ አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሁለት ቤት አስጠናለሁ። ክረምት ሲመጣ ዲግሪዬን ለመጨረስ ራሴ ተማሪ ሆኜ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የምትነግሩኝን ድካም ቤቴ ድረስ አውቀዋለሁ።

ግን ልጠይቃችሁ። ሰው ሲከፋው፣ ሲደክመው፣ ኑሮ ሲያንገዳግደው የሚያስፈልገው ምንድነው? ከጓደኛው መራቅ ነው? ብቻውን ስልክ ይዞ መተኛት ነው? እኛ ሰፈር በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት የስፖርት ውርርድ ቤት እንደተከፈተ ቁጠሩ። የቀድሞ ተማሪዎቼን እዚያ በር ላይ አገኛቸዋለሁ። ትኬት በእጃቸው፣ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ። ሰላም ስላቸው ትኬቱን ኪሳቸው ይከታሉ። እኔ አያለሁ፤ እነሱም እንዳየሁ ያውቃሉ። ሁለታችንም ስለ ትምህርት እናወራና እንለያያለን። እዚያ ቤት ሃምሳ ልጅ ተቀምጦ አንዱ ከአንዱ ጋር አይጫወትም፤ ሁሉም ለየብቻው ከቤቱ ጋር ነው የሚጫወተው። ቤቱም ያሸንፋል። ስለዚያ ዝም ብላችሁ ስለ እኔ ሁለት ሰዓት አገር ልታስታውሱኝ ነው? ኧረ ተዉ።

ሦስተኛው፦ «ጊዜ የለም።»

እዚህ ላይ ነው የምትዋሹት። እኔም ስዋሽ ኖሬያለሁ።

ስልካችሁ ላይ በቀን ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ የሚያሳይ ቦታ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ግቡና እዩት። እኔ አየሁት። በዚያ ሳምንት ስልኬ ላይ በአማካይ በቀን 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አጥፍቻለሁ። በሳምንት ከ22 ሰዓት በላይ ማለት ነው። በሦስት ዓመት ለጌሙ የሰጠሁት 34 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ «ጊዜ የለኝም» ብዬ ለጓደኞቼ በጻፍኩበት ማታ ጊዜ ነበረኝ። ጊዜው ግን በአስር ደቂቃ፣ በአስራ አምስት ደቂቃ ተቆራርሶ ነበር ያለው። አንድ ላይ የተቀመጠ ሁለት ሰዓት አልነበረኝም። ለምን? ማንም ስላላስቀመጠው።

ይሄን ሳስብ ባለቤቴ ከማኅበር ተመለሰች።

የእሷን ማኅበር አስቡት። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሥራ አላቸው፣ ልጅ አላቸው፣ ሁሉም ከእኔ የበለጠ ሥራ ይበዛባቸዋል። ግን በየወሩ ይገናኛሉ። «ጊዜ ስናገኝ እንገናኝ» ተባብለው አያውቁም። ቀኑ የታወቀ ነው፣ ተራዋ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው፣ የቀረች ትጠየቃለች። ዕድሩም እንደዚያው ነው። ወርኃዊ ስብሰባ የቀረ ይቀጣል፣ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዕቁቡም ቀን አለው፤ በቀኑ ያልከፈለ ዳኛው ይደውልበታል። ወገኖቼ፣ እኛ እኮ የጋራ ሰዓት መጠበቅ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። አሳምረን እናውቅበታለን። ለሐዘን እናውቅበታለን፣ ለገንዘብ እናውቅበታለን፣ ለጸሎት እናውቅበታለን። ለጨዋታ ሲሆን ብቻ «ነገ» እንላለን። ምክንያቱም ጨዋታን ከቁም ነገር አንቆጥረውም፤ ከሌላው ሁሉ የተረፈ ሰዓት ይበቃዋል ብለን እናስባለን። የተረፈ ሰዓት ደግሞ የለም። ኖሮም አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከወጣቶቹ በኩል የሚነሳ ነው። «ቲቸር፣ ችግሩ እኮ ኩባንያዎቹ ናቸው። ጌም ገዝተህም የአንተ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ስቲም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ስትከፍል የምታገኘው የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን መክፈያው ገጽ ላይ ይጽፋል። «ዘ ክሩ» የሚባል የመኪና ውድድር ጌም ነበር፤ ዩቢሶፍት ያወጣው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የገዛውም ሰው መጫወት አልቻለም። ያለ ሰርቨሩ አይከፈትማ! በዚህ የተቆጡ ሰዎች አውሮፓ ውስጥ ፊርማ አሰባስበው በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አልፈዋል። ደግ አደረጉ። ሰው የከፈለበት ነገር በአንድ ማስታወቂያ ከእጁ ሊወጣ አይገባም።

ግን የእኔን ጌም ማንም አልዘጋብኝም። ሰርቨሩ አለ። አካውንቱ አለ። ለእኛ ለአራታችን ያንን ጌም የዘጋነው እኛው ነን፣ 61 ጊዜ። ለዚህ ደግሞ ፊርማ የምናሰባስብበት ኩባንያ የለም።

መብራቱስ? ኔትወርኩስ? ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይሄዳል። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ ልናሸንፍ ደርሰን፣ ጠላት አንዲት ግንብ ቀርታው ጨለመብኝ። ያን ቀን ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ግን ግሩፑን መልሼ ሳነብ በመብራትና በኔትወርክ የተበላሸብን ሰባት ቀን ብቻ ነው። የቀረው «ደከመኝ»፣ «እንግዳ መጣ»፣ «ረሳሁት» እና «ነገ» ነው። መብራቱን ስንሰድብ ኖርን እንጂ ጥፋቱ የእኛ ነበር።

እስካሁን የጻፍኩትን አንብባችሁ «እና ምን ይጠበስ? አራት ሰው ጌም ባይጫወት ምን ይጎድላል?» የሚል አይጠፋም። ምን እንደጎደለ ልንገራችሁ። የሚቀጥለውን ለመጻፍ ባለቤቱን አስፈቅጃለሁ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ የሪያዱ ጓደኛችን ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ግሩፑ ላይ ጻፈ። «ዛሬ ማታ ሰው አለ?» የመጀመሪያውን ሳምንት የዲሲው ሥራ ላይ ነበር። ሁለተኛውን የአዳማው አላየውም። ሦስተኛውን ሳምንት እኔ አየሁት። የተኛሁበት ሆኜ፣ ስልኬን እየገፋሁ። «ወንድሜ ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ» አልኩት። አውራ ጣት አስቀመጠልኝ። ከዚያ በኋላ መጻፍ አቆመ። እኛም ሥራ በዝቶበት ነው አልን።

ሰኔ ላይ እህቱን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ስለ እሱ ስጠይቃት ዓይኗ እንባ ሞላ። ለካ ሥራው ቆሞበት ሁለት ወር ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለእናቱ እንዳይነገር አደራ ብሎ ለእሷ ብቻ ነግሯታል። አሁን ሌላ ሥራ አግኝቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማታውኑ ደወልኩለት። ተቆጣሁት፣ ጭራሽ እኔ ተቆጭ ሆኜ! «ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ምን ብዬ ልንገራችሁ? ግሩፕ ላይ ሥራ ፈታሁ ብዬ ልለጥፍ?» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ «ስንጫወት እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር» አለ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ወንድ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ ፊት ለፊት ተቀምጠን «ምን ሆነሃል?» ስንባል «ደህና ነኝ» ነው የምንለው። የልባችን የሚወጣው እጃችን ሥራ ሲይዝ ነው። መኪና ስንገፋ፣ ዕቃ ስናወርድ፣ ካርታ ስንጫወት። ያን አምስት ጊዜ ስንጫወት ማን እንዳሸነፈ ብትጠይቁኝ ሁለቱን ብቻ ነው የማስታውሰው። የአዳማው ግን ሚስቱ መፀነሷን የነገረን በሁለተኛው ጨዋታ መሀል ነው፣ «እንጨት አለቀብኝ፣ ደግሞም አባት ልሆን ነው» ብሎ። የዲሲው አባቱ ሲሞቱ መቅበር አለመቻሉ እስካሁን እንደሚያሳድደው የነገረን በአራተኛው ነው። አራት ዓመት በሆዱ ይዞት ነበር። ማንም ምንም አላለም፤ አንዳችን ወታደር ላክንለት፣ ግንቡን ሊያፈርሱበት ነበርና። በኋላ ግን ተራ በተራ ደወልንለት። የሪያዱ ደግሞ ስድስተኛውን ጨዋታ ሲጠብቅ ነበር። ስድስተኛው አልመጣም። እኔ ደክሞኝ ነበር።

ለዚህ ነው በእናንተም የተናደድኩት። ስትስቁ አብሬ ስለሳቅኩ፣ «የልጅ ነገር» ስትሉ እኔም ራሴን ስላሳመንኩ። ጌሙን እንደ አሳፋሪ ነገር ደብቄ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ከሁሉ የተረፈውን ሰዓት ሰጠሁት። አሳፋሪ ነገር ቀን አይቆረጥለትማ።

ያን ዕለት ለባለቤቴ ይሄንን ሁሉ ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር «አርፈህ ተኛ» ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ያለችኝ ሌላ ነው። «እኔን የሚያናድደኝ መጫወትህ አይደለም። መቼ እንደምትጫወት አለማወቄ ነው። ልጁን ይዤ እጠብቅሃለሁ፣ አንተ አንዴ ገባሁ አንዴ ቀረሁ ትላለህ። ቀን ቁረጥና ንገረኝ፣ እኔም ለማኅበሬ እንደምነግርህ።» ሦስት ዓመት ያልገባኝን ነገር ነጠላዋን እያጠፈች ነገረችኝ።

ስለዚህ ማኅበር አቋቁመናል። አትሳቁ፣ ሕገ ደንብ ሁሉ አለው። እነሆ፦

1. ቀኑ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ነው። ሪያድና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው። ዲሲ ያኔ ቀን ነው፣ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል፤ ምሳውን በልቶ ይገባል።

2. 5 ሰዓት ሲሆን ያበቃል። እሑድ ቅዳሴ የሚሄድ አለ፣ እሑድ ሥራ የሚገባ አለ። «አንድ ብቻ እንጨምር» የሚል ሰው አይሰማም።

3. ያለ በቂ ምክንያት የቀረ 300 ብር ይቀጣል። የዲሲው በዶላር ይክፈል የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሦስት ድምፅ ጸድቋል። የተቃወመው እሱ ብቻ ነው። ገንዘቡ የኢንተርኔት ጥቅል ላነሰው አባል መግዣ ይውላል።

4. መብራት የሄደበት አይቀጣም፣ ግን በስልክ ደውሎ ድምፁን ያሰማል። ባይጫወትም አብሮ ያመሻል። እንደ ድሮው ሰንጠረዥ ተመልካች ከዳር ሆኖ «ይሄንን አንቀሳቅስ» ማለት ይፈቀዳል።

5. «ነገ» የሚለው ቃል ግሩፑ ላይ ተከልክሏል።

አምስተኛው የእኔ ሐሳብ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄንን እያነበባችሁ «ስልካችንን ሲቀማን የነበረው ቲቸር!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፣ ክፍል ውስጥ ዛሬም እቀማለሁ። ትምህርት የራሱ ሰዓት አለው። ግን ከትምህርት ቤት ከወጣችሁ በኋላ ጌም አትጫወቱ ብዬአችሁ አላውቅም፤ ብዬ ከሆነም ተሳስቻለሁ። አሁን የምላችሁ ይሄ ነው። ከምትጫወቱት ጋር ስም ለስም ተዋወቁ። ቀን ይኑራችሁ። ማቆሚያ ሰዓት ይኑራችሁ። ለብቻችሁ ከቤቱ ጋር የምትጫወቱበት በር ላይ ካገኘኋችሁ ደግሞ ትኬቱን ኪሳችሁ አትክተቱ፤ ኑና ሻይ እንጠጣ፣ እኔ እከፍላለሁ።

ጌም የማትወዱም አትለፉት። ጌሙ ለእኛ ነው። ለእናንተ ካርታ ሊሆን ይችላል፣ የሠፈር ኳስ ሊሆን ይችላል፣ ተራራ መውጣት ሊሆን ይችላል፣ ከድሮ ጓደኛ ጋር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ሊሆን ይችላል። ሁላችሁም «ጊዜ ሳገኝ» ያላችሁት አንድ ነገር አለ፣ በሌላኛው በኩል ደግሞ «ዛሬ ሰው አለ?» ብሎ የጻፈ ሰው አለ። ስልካችሁን ክፈቱና «ነገ» ብላችሁ ፈልጉ። ስንት እንደመጣላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ። ቁጥሩን ስትጽፉ ያንን ሰውም ታግ አድርጉት። ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ቀን ጻፉለት፣ ሰዓቱን ጨምራችሁ።

የእኛ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው። ባትሪ ተውሻለሁ። የሪያዱ ከአሁኑ «እኔ ኢትዮጵያን ነው የምይዘው፣ ማንም እንዳይነካ» ብሎ ጽፏል። ይያዝ። በዚህ ላይ አልከራከረውም።

ቸር ሰንብቱ።